ሥራዬ የሌላ ሰው ይመስላል፤ ማድነቄን ላቁም?

ጥያቄ፦

«ሰላም መምህር። ጎንደር ነው የምኖረው፤ 23 ዓመቴ ነው። እናቴ ቀሚስ ትጠልፋለች፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እሥላለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ የሠዓሊውን የኤልያስ ስሜን ሥራዎች በስልኬ እያየሁ አበድኩ ማለት ይቻላል። ፒያሳ ካሉ ሞባይል ጠጋኞች የተጣለ ሽቦና የስልክ ቦርድ እየለቀምኩ፣ ኮምፔርሳቶ ላይ እየመታሁ 4 ሥራ ጨረስኩ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ጓደኛዬ መጥቶ ሲያያቸው ግን “ይሄማ የኤልያስ ነው” አለኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ሽቦ ስነካ ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል። እርሳስ ሳነሣ ደግሞ ምንም አይመጣልኝም። የሰው ሥራ ማየቱን ላቁም? ካፌ ያላት ዘመዳችን ደግሞ አራቱንም ግድግዳዬ ላይ ስቀያቸው ብላኛለች። ልስቀል ወይስ ይቅር?»

መልስ፦

እህቴ፣ ማየቱን እንዳታቆሚ። እንዲያውም ገና በደንብ አላየሽም ብዬ ነው የምነሣው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። የሰው ሥራ አይታ ልቧ ድንግጥ የሚል ልጅ በከተማችን ስትገኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ጓደኛሽም ክፉ አላሰበም፤ ያየውን ተናገረ። ማድነቅሽ ምንም ችግር የለበትም። ብቻ አድናቆትሽ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። ኤልያስ ሽቦው ጋ እስኪደርስ ብዙ ተጉዟል። አንቺ ደግሞ የጀመርሽው እሱ ከደረሰበት ቦታ ነው።

እስኪ ወደ ኋላ እንሂድ። ኤልያስ ስሜ ዛሬ ስሙ በዓለም የሚነሣው «ታይትሮፕ» (የተወጠረ ገመድ እንደ ማለት ነው) ብሎ በሰየማቸው ተከታታይ ሥራዎች ነው። ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍ ከመርካቶ ይሰበስባል። ሽቦውን ይጎነጉናል፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይደረድራል፣ ይመታል። ከሩቅ ሲያዩት ከሰማይ ላይ የተነሣ የማሳ ፎቶ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ እያንዳንዱ መስመር ሽቦ ነው። የሚያሳስበውም ነገር ግልጽ ነው፤ ቴክኖሎጂ የሚሰጠንና የሚወስድብን እንዴት ይመዛዘናል የሚል ነው።

ግን ከሽቦው በፊት ምን ነበር? ክር ነበር። የልብስ ቁልፍ ነበር። ሸራውን በመርፌ እየሰፋ የሚሠራቸው ሥራዎች ነበሩ። ጭቃና ጭድም ነበር። ከሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆነው የሀገሬውን የቤት አሠራር ሲያጠኑ ኖረዋል። አዲስ አበባ መካኒሳ በ2019 የተከፈተው የሁለቱ ዞማ ሙዚየም ግድግዳው የጭቃና የጭድ ሥራ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ስለዚህ ሽቦ ኤልያስ ጋ ድንገት አልመጣም። ለዓመታት ክር ሲስብ የኖረ እጅ ነው ሽቦ ያነሣው። ሽቦውን እንደ ክር የሚጎነጉነውም ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን የጻፍሽልኝን ደግመሽ አንብቢው። «እናቴ ቀሚስ ትጠልፋለች» ብለሽ በግማሽ መስመር አለፍሽው። ፒያሳ ድረስ ወርደሽ ሽቦ ስትለቅሚ፣ ከእናትሽ የክር ሣጥን አጠገብ አልፈሽ ነው የሄድሽው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይኸው ነው። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን «ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል» ያልሽው ከነከነኝ።

ይህን ቃል ጎንደር ላይ ሆነሽ መናገር የለብሽም። ይህች ከተማ በሥዕል ስሟን ያስጠሩላት ሰዎች የሌላውን ሥራ በጥሞና አይተው የራሳቸው ያደረጉ ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1590ዎቹ መጀመሪያ ሮም ውስጥ ወንጌል በዐረብኛ ታተመ። በውስጡ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የሚባል ጣሊያናዊ የነደፋቸው፣ በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎች ነበሩበት። መጽሐፉ ወደ ሀገራችን ገባ። በ17ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊዎቻችን ለወንጌል መጻሕፍት ሥዕል ሲያዘጋጁ የቴምፔስታን ቅንብር ተጠቀሙበት። ማን በየት በኩል እንደሚቆም፣ እጅ ወዴት እንደሚዘረጋ፣ ሕዝቡ እንዴት እንደሚሰበሰብ ከእሱ አዩ። ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕልም በዚያው ዘመን አካባቢ ቅጂዋ ኢየሱሳውያን በሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በኩል ደረሰን። እጆቿን አጣምራ ልጇን የታቀፈችው እመቤታችን፣ አያቶቻችን ቤት ግድግዳ ላይ የምናውቃት፣ መነሻዋ እሷ ናት።

ታዲያ ምን ወሰዱ፣ ምን ተዉ? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። የቴምፔስታ ሥራ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለሙን ከራሳቸው አመጡ። እሱ ርቀትን ለማሳየት ከበስተ ኋላ የደረደረውን ሕንፃና ተራራ አብዛኛውን ጣሉት። በምትኩ አንድ ወጥ ቀለም ቀቡበት። ዓይኑን አተለቁት። ጥላውን አጠፉት። የተረፈው ከጣሊያናዊው የተቀዳ ነው ብሎ ለመናገር ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቆይቶ ደግሞ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን አዲስ ትውልድ መጣ። እነዚህ ያንን ያልተቀበሉትን ጥላ መልሰው አስገቡት። ፊት ላይ ብርሃንና ጥላ ሆነ፤ የሥዕሉ ጀርባ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ የሚሻገር ሆነ፤ የልብሱ ጨርቅ ጌጡ ሳይቀር ተሣለ። ጣና ላይ ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ብትሄጂ፣ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕል የዚያ ዘመን ሥራ ነው። አንዱ ትውልድ የጣለውን ሌላው አነሣው። የውጭውን ስላዩ ጎንደርነታቸው አልቀነሰም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ላሳይሽ። በ1932 ከዳካር እስከ ጅቡቲ ይጓዝ የነበረ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር መጣ። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ፓሪስ ወሰዳቸው። እስከ ዛሬ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ይህ ራሱን የቻለ ቁስል ነው፤ አንድ ቀን ለብቻው እጽፍበታለሁ። ለዛሬ የሚያስፈልገን ግን ሌላው ክፍል ነው። ከቡድኑ ጋር ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ወጣት የፓሪስ ሠዓሊ ነበር። በተነሡት ምትክ የሚሆኑ ቅጂዎችን የሣለው እሱ ነው።

ሁለቱን አስተያያቸው። ሩ የጎንደሮችን ሥራ አይቶ ሣለ። ጎንደሮችም የቴምፔስታን ሥራ አይተው ሣሉ። የሩ ሥራ ምትክ ነው፤ ዓላማውም ያንኑ መምሰል ነበር። የጎንደሮቹ ሥራ ግን የቴምፔስታን ቦታ አይተካም፤ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ዓይናቸው የሰው ሥራ ላይ ነበር። የለያያቸው ከማየቱ በኋላ የመጣው ምርጫ ነው። አንቺም አራቱን ሰሌዳዎች ስትሠሪ የሩን ሥራ ነው የሠራሽው። ይህ ወንጀል አይደለም። ጎበዝ እጅ እንዳለሽ ያሳያል። ምርጫው ግን ገና ይቀርሻል።

ምርጫ የሚመጣው ከመመልከት ነው። መመልከት ስል ስልክ ላይ በአውራ ጣት እየገፉ ማለፍ አይደለም። ስልክ ብዙ ነገር ይሰርቃል። የኤልያስ ሥራዎች ብዙዎቹ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ናቸው። በስልክሽ ላይ መዳፍሽን ያህላሉ። መጠኑ ሲጠፋ አንቺ ጋ የሚደርሰው ቀለሙና የሽቦው ወሬ ብቻ ነው። የእጁ ድካም አይደርስሽም። አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ በዚህ ጊዜ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። መንገዱ ሲቀናሽ ግን ዞማን፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሙዚየም፣ አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ቆመሽ እይ። እስከዚያው ጋለሪ ሳያስፈልግሽ ጎንደር ራሷ ልታስተምርሽ ትችላለች።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሂጂ። ስንት ጊዜ እንደገባሽ አልጠራጠርም፤ ተሳልመሽ፣ ጸልየሽ ወጥተሻል። አሁን ሥራ ፈት በሆነ ቀን፣ ከቅዳሴ ሰዓት ውጭ፣ ቄሰ ገበዙን አስፈቅደሽ ትንሽ ደብተርና እርሳስ ይዘሽ ግቢ። ፎቶ አታንሺ። ጣሪያውን እይ። መላእክቱ ከጣሪያው ቁልቁል ይመለከቱሻል፤ ከመቶ በላይ ናቸው። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት ፊት ይመስሉሻል። አንዱን ረድፍ ብቻ ያዢ። ከረድፉ ሦስት ፊት ምረጪና በእርሳስ ሣይ። ስትሥዪ ታገኚዋለሽ፤ የአንዱ ቅንድብ ከፍ ያለ ነው፣ የሌላው ዓይን ወደ ጎን ይሄዳል፣ የሦስተኛው አፍ ጠበብ ይላል። ሠዓሊው አንድ ፊት ይዞ ጣሪያ ሙሉ ሲደጋግም እጁ አልሰነፈም። እዚህ ላይ ደብተርሽ ላይ ሦስት ነገር ጻፊ። ምን መረጠ? ምን ተወ? ምን ደጋገመ? አካል ትቷል፤ ፊትና ክንፍ ብቻ ነው የወሰደው። ሰማይን ለመሣል ሰማያዊ ቀለም አላስፈለገውም፤ በፊት ሞላው። ይህን ስታገኚ አንድ የሥዕል መንገድ አገኘሽ ማለት ነው። መንገድ ደግሞ የሁሉም ነው።

ከዚያ ቤት ተመለሺና በዚሁ ዓይን አንድ የኤልያስ ሥራ ብቻ እይ። አሥር አይደለም፤ አንድ። ስልኩን አቁመሽ ሰዓት ሙሉ ተቀመጪበት። ሦስቱን ጥያቄ ጠይቂው። «ሽቦ መረጠ» ብለሽ እንዳታልፊው። ለምን ያገለገለ ሽቦ? አዲስ ሽቦ ሱቅ ሞልቷል። ሰው የነካው፣ ድምፅ ያመላለሰ፣ ከዚያም የተጣለ ነገር ስለፈለገ ነው። ታዲያ አንቺ አካባቢ ሰው የነካው፣ ያገለገለ፣ የተጣለው ነገር ምንድን ነው? መልሱ ሽቦ ከሆነ ሽቦ ይሁን። እኔ ግን ሽቦ አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ የምታደንቂው ሰው ራሱ ማንን ያደንቅ እንደነበር መጠየቅ ትልቅ ትምህርት ነው። ሠዓሊውን እስክንድር ቦጎሲያንን እንውሰድ። በ1950ዎቹ ወደ ለንደን ሄደ፤ ከዚያ ፓሪስ ብዙ ዓመት ኖረ። የኩባውን ሠዓሊ ዊፍሬዶ ላምን፣ የስዊዘርላንድ ተወላጁን የፖል ክሌን ሥራዎች አየ። ሥራውን ስታዪ ያ ሁሉ አለበት። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ጋር የኛን ክታብና ጠልሰም ታገኚበታለሽ። ደብተራ ብራና ላይ የሚሥላቸው፣ ዓይን ብቻ የሆኑ ፊቶች እሱ ሸራ ላይ በአየር ይንሳፈፋሉ። በ1964 የሠራው «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ዛሬ አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ሙዚየም አለ። ላም የራሱን የካሪቢያን መናፍስት ወደ ዘመናዊ ሥዕል ሲያስገባ እስክንድር አየ። መናፍስቱን ግን ከላም አልተበደረም። «እኛስ ምን አለን?» ብሎ ወደ ብራናው ዞረ። በኋላም በቆዳና ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ሠርቷል።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ የአንቺን ጭንቀት ከሌላ ወገን ቀምሶታል። ሐረር ተወለደ፤ አባቱ ብራና የሚጽፉ ካህን ነበሩ። ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም ነገሮችን እንዳሉ የማያሳይ ሥዕል፣ ይዞ መጣ። «ይሄ የፈረንጅ ነው፤ ኢትዮጵያዊነት የለበትም» ያሉት ብዙ ነበሩ። አላቆመም። ጎልጎታን የሚያህል ጥንታዊ ርዕስ በዚያው በዘመናዊ እጁ ሠራው። ዛሬ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሥዕል ያለ እሱ ማውራት አይቻልም። ይህን የማነሣልሽ ሰው የተናገረሽ ቃል ሁሉ ፍርድ እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው። «የእገሌ ይመስላል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሥራው ገና መንገድ ላይ ሳለ ነው።

እንግዲህ ወደ እናትሽ ክር።

ዛሬ ማታ እናትሽ ጠልፋ የጨረሰችውን አንድ ቀሚስ ውሰጂ። ፊቱን ታውቂዋለሽ፤ መስቀሉ፣ ሐረጉ፣ የአንገቱ ጌጥ እስከ ወገብ ሲወርድ። አሁን ገልብጪው። ጀርባውን እይ። ፊቱ ላይ ጸጥ ያለው ጌጥ ከኋላው ሌላ ዓለም ነው። አንዱ ቀለም ካለቀበት ተነሥቶ ወደሚቀጥልበት አቋርጦ ይሮጣል። ቋጠሮ አለ። ተቆርጦ የተረፈ ጫፍ አለ። ቀይ በአረንጓዴ ላይ ያልፋል፣ ማንም እንዲያየው ሳይታሰብ። እናትሽ የት እንደ ጀመረች፣ የት እንዳረፈች፣ የት ክር አልቆባት በሌላ እንደ ቀጠለች ከጀርባው ይነበባል። ፊቱ ለባለ ቀሚሷ ነው። ጀርባው የሠራተኛዋ ነው።

ኤልያስን በትክክል ካየሽው ይህን ጀርባ ሳትደነግጪ አታልፊውም። የእሱ ጥያቄ የተጣለው ዕቃ ውስጥ የቀረው የሰው ድካም ነው ብዬ አምናለሁ። የእናትሽ ጥልፍ ጀርባ ላይ ያለው ያው ነው፤ ሽቦ ግን የለበትም። ይህንን ብትሠሪ ጓደኛሽ «የኤልያስ ነው» ሊልሽ አይችልም። ኤልያስ ግን ቢያየው ከእሱ ምን እንደ ተማርሽ ያውቃል። አድናቆት እዚህ ሲደርስ ደስ ይላል።

እንዴት ትጀምሪው? ለሁለት ወር ሽቦውን አስቀምጪ። አትጣዪው፤ ካርቶን ውስጥ ይቆይ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አዲስ ነገር አትፍጠሪ። የጥልፉን ጀርባ በእርሳስ ብቻ ሣይ። አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ መርጠሽ ወረቀት ሙሉ አድርገሽ አተልቂው። እያንዳንዱን ክር ከየት ወዴት እንደሚሄድ ተከታተይ። እጅሽ አልታዘዝ ያለው ሐሳብ ስለጠፋው ነው፤ ሐሳብ የማይጠይቅ ሥራ ስጪው ይፈታል። ከዚያ በቀለም ሞክሪው። አክሪሊክ ውድ ከሆነብሽ በቀለም እርሳስ ይሁን። ሦስተኛው ላይ ወደ ክር ግቢ፤ እናትሽን አጠገብሽ አስቀምጪ። ምን እየሠራሽ እንደሆነ አስረጃት። ምናልባት «ጀርባውንማ ማን ያያል?» ትልሻለች። እሱን መልሷንም ጻፊው። አራት ሰሌዳ በሽቦ የሞላሽ ልጅ ትዕግሥት አያንስሽም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እስካሁን ዓይንሽ ላይ ያለው ሠዓሊ አንድ ብቻ ነው። በአንድ ሰው ብቻ የተሞላ ዓይን እጅን አማራጭ ያሳጣዋል። ስለዚህ ከኤልያስ በጣም የሚርቁትን እይ። መምህር ታደሰ መስፍን ወልድያ ነው የተወለዱት። ገበያ ላይ ቆመው የሚሸጡ ሴቶችን እንደ ዓምድ አቁመው ይሥላሉ፤ ለዓመታት ያንኑ። ቅዳሜ ገበያ ወርደሽ ሽንኩርትና በርበሬ ከሚሸጡት ፊት ለፊት ግማሽ ሰዓት ብትቆሚ ሰውየው ምን እንዳዩ ይገባሻል። ከእሳቸው ወዲያ ወደ ጁሊ ምህረቱ ተሻገሪ። አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች ናት። የሕንፃ ንድፍ በንድፍ ላይ፣ መስመር በመስመር ላይ ትደራርባለች፤ በኋለኞቹ ሥራዎቿ የዜና ፎቶ አደብዝዛ ከሥር ታነጥፋለች። አንዱ ሰው አቁሞ ያሳይሻል፤ ሌላዋ ሰው ሳትሥል ግርግሩን ታሰማሻለች። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደላችንን ብቻ ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶበታል። ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ዝንጣፊ ላይ ይሥላሉ። አይዳ ሙሉነህ ካሜራ ይዛ የሰውን ገላ በደማቅ ቀለም ትቀባለች። በ2024 ኢትዮጵያ ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው የዓለም የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ማሳያ ስትከፍት ሥራው የቀረበው ተስፋዬ ኡርጌሳ ደግሞ ጀርመን ተምሮ፣ እዚያ የኖረውን ኑሮ በሰው ገላ ይናገራል።

ሁሉንም መውደድ የለብሽም። ቬኒስ ደርሷል ተብሎ የማይነካሽን ሥራ አታድንቂ። እኔ ራሴ ታላቅ ናቸው የሚባሉ፣ ፊታቸው ቆሜ ምንም ያልተሰማኝ ሠዓሊዎች አሉ። የማይነካሽንም ቢሆን ግን ለምን እንዳልነካሽ ጻፊ። ምን እንደምትወጂ የምታውቂው ከዚያ ነው።

መቅዳትስ? ለትምህርት ቅጂ። ከልብሽ ቅጂ። ድሮም ሥዕል የተማረ ሰው የመምህሩን እጅ እየተከተለ ነው የተማረው። ብቻ የምትቀጂውን ጨርሺው፣ ጀርባው ላይ የማን እንደሆነ ጻፊበት፣ ቀኑን አድርጊበት። ሕጉም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) የሚጠብቀው ሥራውን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ያገለገለ ሽቦ በሰሌዳ ላይ መምታት የማንም የግል ንብረት አይሆንም። የአንድን የተወሰነ ሥራ ቅንብር እንዳለ ገልብጦ የራስ ነው ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከአራቱ ውስጥ አንዱን እንኳ ፎቶ እያየሽ መስመር በመስመር የሠራሽው ካለ፣ ያንን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ስለ ካፌው። ስቀይ። ሥራ ተደብቆ ሲቀመጥ ሠሪውንም ያሳፍረዋል። የሰው ዓይን ሲያርፍበት ግን ጉድለቱንም ውበቱንም ታዪዋለሽ። ግን አራቱንም አትስቀይ። ፎቶ እያየሽ የሠራሽው ካለ እሱ ቤት ይቅር። ከቀሩት ውስጥ ከኤልያስ በጣም የራቀውን፣ አንቺ ምናልባት «ተበላሸብኝ» ያልሽውን ጨምረሽ፣ ሁለቱን ምረጪ። አጠገባቸው ትንሽ ወረቀት ለጥፊ፤ ስምሽን፣ ዓመቱን፣ ከዚያ በታች «ከኤልያስ ስሜ ሥራዎች በመነሣት የተሠራ» ብለሽ ጻፊ። ዋጋ አትለጥፊባቸው። ገዢ ከመጣ ለዘመድሽ «አይሸጡም፤ ቀጣዩ ሥራዋ ሲያልቅ ትጠራሃለች» በይልኝ ብለሽ ንገሪያት፤ ስልክ ቁጥሩንም ትቀበልልሽ። እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ፤ ማኪያቶውን እየጠጣች ቀና ብላ ትያቸው።